በጨረታ ላይ ባለ ቅርስ አስተያየት መስጠት

ጨረታ ሳይዘጋ ስለሚሸጠው ጥንታዊ ዕቃ በአደባባይ መናገር የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከመቅደላ ዘረፋ ጋር የተሳሰረ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የዘረፈውን ምርኮ በደላንታ ሜዳ አጫረተ። ሽያጩ ዛሬም በኢንተርኔት ቀጥሏል።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዶርሴት ውስጥ ባዝቢ የተባለው አጫራች ድርጅት የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሲያቀርብ፣ በለንደን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ከሽያጭ ወጡ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አንደርሰን ኤንድ ጋርላንድ ያቀረበው የመቅደላ ጋሻም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጥያቄ ካቀረበ በኋላ ተነሣ፤ ልዑል ኤርምያስ ሣህለ ሥላሴ ገዝተውት ወደ አገሩ ተመለሰ።

ለተራ ቴምብርና ሳንቲም የሚመከረው ጥንቃቄ ነው፦ ጥርጣሬ ያለው ሰው መጀመሪያ ለአጫራቹ ይንገር፣ ራሱ ሊጫረት የሚያስብም ዋጋ ለማውረድ ዕቃውን አያጣጥል። በተዘረፈ ቅርስ ላይ ግን ዝምታ ሻጩን ብቻ ይጠቅማል፤ መዶሻው ከወደቀ በኋላ ዕቃው ማንነቱ ባልታወቀ ገዢ እጅ ይሰወራልና። ጩኸቱም አደጋ አለው። የተጋነነ ወሬ ተጫራች ይጠራል፣ ዋጋ ያንራል። ስለዚህ ተናጋሪው በማስረጃ ይጽፋል፣ ግምት አይጠቅስም፤ ዕቃውን ከአያቱ የወረሰውንም ሰው በስም አያሳድድም።