ሹመቱን የተነጠቀው አለቃ

በ1952 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የደቡብ አፍሪቃ መንግሥት አልበርት ሉቱሊን አስጠርቶ ምርጫ ሰጣቸው፤ ወይ ከአፍሪቃ ብሔራዊ ኮንግረስ ይውጡ፣ ወይ አለቅነታቸውን ይልቀቁ። ሉቱሊ ሁለቱንም እምቢ አሉ። በኖቬምበር ተሻሩ።

አለቅነቱን ለምነው ያገኙት አልነበረም። በአዳምስ ኮሌጅ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል ሲያስተምሩ ቆይተው፣ የግራውትቪል ሽማግሌዎች ደጋግመው ቢለምኗቸው፣ የተሻለውን ደመወዝ ትተው በ1936 ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ሥራው የእኛን አገር የአጥቢያ ዳኛና የጭቃ ሹም አንድ ላይ ያስታውሳል፤ ድንበር የተጋፉ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ማስታረቅ፣ የባልና የሚስት ጠብ መስማት፣ ከላይ የመጣውን ትእዛዝ ለሕዝቡ ማድረስ። ችግሩ ያለው በዚህች በመጨረሻዋ ላይ ነው። አለቃውን የመረጠው ሕዝቡ ቢሆንም ሹመቱን የሚያጸድቀውና ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ነበርና፣ አለቃው ለሁለት ጌታ ያደረ ሰው ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ሉቱሊን ፖለቲከኛ ያደረጋቸው ያው የመንደር ችሎት ነው። ሁለት ወንድማማቾች ለአንዲት ቁራሽ መሬት ሲካሰሱ ለአንደኛው መፍረድ ይቻላል፤ የ1913ቱ የመሬት ሕግ አብዛኛውን አገር ለነጮች ከከለለ በኋላ ግን የትኛው ፍርድ ሁለቱን ያጠግባል?

ከተሻሩ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ኮንግረሱ ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጣቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው እገዳ፣ እስር፣ እንደገና እገዳ ነው። በ1960 ከሻርፕቪል ጭፍጨፋ በኋላ የይለፍ ደብተራቸውን በአደባባይ አቃጠሉ። ሰዉም «አለቃ» ብሎ መጥራቱን አልተወም።

በዲሴምበር 1961 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ለመቀበል በኦስሎ ሲቆሙ የለበሱት፣ መንግሥት የነጠቃቸውን የማዕርግ ጌጥ ነበር፤ የዙሉ አለቆችን የራስ ቆብና የአንገት ሐብል። ወደ አገራቸው በተመለሱ ማግስት የኮንግረሱ ጓዶቻቸው የጦር ክንፍ መመሥረታቸውን በፈንጂ ድምፅ አወጁ። የሰላም ተሸላሚው ሰው ያን ሌሊት ምን እንዳሰቡ ባውቅ በወደድሁ።

በጁላይ 1967 በእገዳ ላይ እንዳሉ በግራውትቪል አቅራቢያ ባለው የባቡር ድልድይ ላይ ቆስለው ተገኝተው ሞቱ። የወቅቱ ምርመራ «ባቡር ገጭቷቸው ነው» አለ። ቤተሰባቸው አላመነም። በኦክቶበር 2025 በፒተርማሪትዝበርግ የተሰየመው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቀድሞውን ውጤት ሽሮ፣ የሞቱት ተደብድበው መሆኑን፣ እጁም የጸጥታ ፖሊሶች እንደነበረ በየነ። ባለቤታቸው ኖኩካንያ ይህን አልሰሙም፤ ያረፉት በ1996 ነበር።