ሻኛ የሌላት ላም በብርጭቆ ላይ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ጉንደ ወይን ስሄድ ለአያቴ አንድ ብርጭቆ ገዝቼ ሄድኩ። ስኳርና ቡና መያዝ ሲገባኝ ብርጭቆ! ምን ይደረግ፣ የተማሪ ነገር። ብርጭቆዋ ወፍራም፣ እጀታ የሌላት፣ በጎኗ ሦስት ላሞችና አንዲት ጥጃ የተቀረጹባት ናት። አዲስ አበባ ላይ የሸጠልኝ ሰው «የጥንት ሰው ሥዕል ነው፤ ዐሥር ሺህ ዓመት ያለፈው» እያለ ነው ዋጋዋን የሰቀለብኝ። የየትኛው ዋሻ ሥዕል እንደሆነ ብጠይቀው «የኢትዮጵያ ነዋ!» አለና ሳቀብኝ።

አያቴ ብርጭቆዋን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ዘወር አደረጓት። አገላብጠው አዩዋት፣ በጣታቸው ዳሰሷት። «ላሚቱስ ላም ናት» አሉ። «ጡቷም ደንበኛ ነው፣ ትታለባለች። ግን አንተ ልጅ፣ ሻኛዋን የት ጣሏት? የማን አገር ከብት ናት?»

እኔ ታሪክ እማራለሁ ባይ ነኝ፤ መልስ አጣሁ። ብርጭቆዋን ሳምንት ሙሉ በቦርሳ ይዣት ስዞር ከላሟ ጀርባ ላይ አንድ ነገር መጉደሉን ልብ አላልኩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲያዩ የኖሩት ዓይኖች ግን በአንድ አፍታ አዩት። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለአያቴ ያልመለስኩት መልስ ነው። እናንተም ብትሰሙት አይከፋም።

የላሟን አገር ለማግኘት ከጎጃም ተነሥቶ ዓባይን መሻገር፣ ሸዋን ማቋረጥ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ እስከ ዲላ አካባቢ መውረድ ያስፈልጋል። እዚያ ሸጴ በተባለ ወንዝ ገደል ውስጥ፣ በቁም ድንጋይ ላይ፣ ላሞች በሰልፍ ተቀርጸው ይገኛሉ። ፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይቶ ጽፎላቸዋል። ላሞቹ የተሠሩት በመጫር አይደለም። ጠራቢው በአካላቸው ዙሪያ ያለውን ድንጋይ እየቀጠቀጠ ዝቅ ስላደረገው ገላቸው ከድንጋዩ ገጽ ጎላ ብሎ ወጥቷል። አካላቸው ከጎን የታየ ነው፤ ቀንዳቸው ግን ከላይ ሆነው ሲያዩት እንደሚታየው ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። ጡታቸው ከልክ በላይ ትልቅ ነው። ጠራቢው ስለ ወተት ያስብ እንደነበር ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሻኛ የሚባል ነገር ግን የላቸውም። የእኔም ብርጭቆ ላሞች ከቀንድ እስከ ጡት ቁርጥ እነሱን ናቸው።

ከዲላ ወደ ምሥራቅ ዞረን ሐረርጌ ብንገባም ያው ነው። ከድሬዳዋ ደቡብ ምዕራብ በለገ ኦዳ ዐለት ሥር ወደ 600 የሚጠጉ ምስሎች በቀለም ተሥለዋል። ቄሱ ተመራማሪ አንሪ ብሩይ በ1933 ወደዚያ አገር መጥቶ፣ እዚያው ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን ፖርክ ኤፒክ የተባለ ዋሻም (ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው) አጥንቷል። በለገ ኦዳ የጥንቶቹ ከብቶች ባለ ረጅም ቀንድና ሻኛ አልባ ናቸው። ሻኛ ያለው ከብትና ግመል ብቅ የሚለው በኋለኞቹ ሥዕሎች ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሻኛ ያለው ከብት መጀመሪያ ለማዳ የተደረገው በኢንዱስ ሸለቆ፣ ከዛሬዋ ፓኪስታን አካባቢ ነው። ወደ አፍሪካ የገባው በባሕር ንግድ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በሰፊው የተሠራጨው በተለይ ከ7ኛው መቶ ዘመን በኋላ እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ከዚያ በፊት እዚህ የነበረው ሻኛ የሌለው ዘር ነው። ያ የቀድሞው ዘር ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሸኮ ከብት የሚባለው የዚያ ዘር ቅሪት ነው፤ እሱም እየተዳቀለ ትንሽ ሻኛ ማብቀል ይዟል። እኛ ጎጃም ላይ «ከብት» ስንል በዓይናችን የሚመጣው ባለ ሻኛ በሬ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው ማለት ነው። ባለ አገሯ ብርጭቆዋ ላይ ያለችው ላም ናት! አያቴ «የማን አገር ከብት ናት?» ሲሉ የጠየቁት ስለ ራሳቸው በሬዎችም ጭምር ነበር።

እዚህ ላይ ያ ሻጭ የነገረኝን «ዐሥር ሺህ ዓመት» ላርም። በለገ ኦዳ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ዴዝሞንድ ክላርክ ባስቆፈረው መሬት ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተው፣ ዕድሜያቸው ወደ 16 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ደርሷል። ግን የመሬቱ ዕድሜ የሥዕሉ ዕድሜ አይደለም። ከግድግዳው ሥር ድሮ ሰው ስለበላ ግድግዳውን የሣለው እሱ ነው ማለት አይቻልም። የሚታለብ የቤት ላም የሚሥል ሰው ላም ያለው ሰው ነው። የቤት ከብት ደግሞ በአገራችን ከታየ ከአራትና ከአምስት ሺህ ዓመት ብዙ አይዘልም። አራት ሺህ ዓመት ያንሳል እንዴ? ዕድሜ ቢጨምሩበት የሚከብር፣ ቢቀንሱበት የሚዋረድ ይመስል ዝም ብለን ዜሮ እንደረድራለን።

የላሟ አገር እንዲህ ከሆነ፣ የቆመችበት ብርጭቆስ የማን አገር ነው?

ብርጭቆ ወደ እኛ የመጣው ትናንት አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዘመን (ዓ.ም.) አጋማሽ ላይ አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በጻፈው መመሪያ ውስጥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ዕቃዎች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት ብርጭቆና ግብጽ አገር በዲዮስጶሊስ የሚሠራ አስመስሎ ድንጋይ ይቆጥራል። ብርጭቆን በቧንቧ እየነፉ መሥራት በሶርያና በፍልስጥኤም ዳርቻ ከተፈለሰፈ ገና መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። አክሱም ውስጥ በኔቪል ቺቲክ መሪነት ከ1972 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.)፣ ኋላም በዴቪድ ፊሊፕሰን መሪነት በ1990ዎቹ በተካሄደው ቁፋሮ ከመቃብሮች ውስጥ የብርጭቆ ዋንጫዎች ወጥተዋል። የአክሱም መኳንንት እንግዲህ ከእኛ ይልቅ ለብርጭቆ የቀረቡ ነበሩ።

«ብርሌ» የሚለው ቃልም ሥሩ ሩቅ ነው። የግእዙ ቢረሌ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ከከበሩ ድንጋዮች መካከል ተቆጥሮ ይገኛል፤ መነሻውም ግሪክኛ ነው። የዕንቁው ስም ቀስ በቀስ የጠጅ ዕቃ ስም ሆነ። አይገርምም፤ እንደ ዕንቁ ውድ ነበርና። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ብርጭቆ በመርከብ ምጽዋ ይደርስና ከዚያ ለሳምንታት በበቅሎ ተጭኖ በጎንደር በኩል እስከ ጎጃሙ የባሶ ገበያ መውረድ ነበረበት። በየዳገቱ በቅሎ ይደናቀፋል፤ ብርሌ ከነቃ ደግሞ አይሆንም ዕቃ። ተርፎ የደረሰው በባላባት አዳራሽ በጨርቅ አፉ ተሸፍኖ ይቀርባል፤ አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስና ለጌታው ይሰጣል። ለቀረው ሰው የቀንድ ዋንጫና አንኮላ አለለት። አያቴ እንደሚያወጉት በአማታቸው ቤት የነበረችው ብርሌ አንዲት ብቻ ነበረች፤ በጥጥ ተጠቅልላ በአገልግል ውስጥ ትቀመጣለች፣ ለፋሲካና ለሠርግ ትወጣለች። አማታቸው «ከልጅ ይልቅ ለእሷ ይሣሡ ነበር» ይላሉ።

ለምን እዚሁ አልሠራናትም? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ዕውቀቱ አልነበረንም» ተብሎ በአጭሩ ይዘጋል። እኔ አይዋጥልኝም። ብርጭቆ አሸዋ፣ ሶዳና ጥቂት ኖራ ነው። አሸዋ ሞልቷል፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን፣ እነ አቢያታ፣ የሶዳ ጎተራ ናቸው። እሳቱንም አላጣነውም፤ ወናፉን እየነፋ ከድንጋይ ብረት ያወጣ የነበረው ቀጥቃጭ ምድጃውን ከ1100 ዲግሪ በላይ ያደርስ ነበር፤ ብርጭቆ ለማቅለጥ ይኼ ይበቃል። ቀጥቃጩ ግን ምን ይባል ነበር? ቡዳ። ሸክላ ሠሪዋም ቡዳ። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን እሱን ከማዕዳችን እናርቃለን። በእሳትና በጭቃ የሚሠራ ሁሉ በጥርጣሬ በሚታይበት አገር፣ ማን ነው ልጁን «ሂድ፣ አሸዋ እያቀለጥክ ዋል» የሚለው? ነገሩ የአገር ጠንቅ መሆኑ ለቤተ መንግሥትም ተሰምቶ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ ከአዋጁ ብዙ ዕድሜ ቆየ። ይኼ ብቸኛው ምክንያት ነው አልልም፤ የውጭው ዕቃ እየረከሰ መምጣቱም አለ። በኋላ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የጠርሙስና የብርጭቆ ፋብሪካ ቆሟል። ያም ቢሆን በእጅ የሚነፋ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የብርጭቆ ሙያ አላበቀልንም።

እንግዲህ ላሟ የእኛ፣ ብርጭቆው የሰው ሆነው ለብዙ ሺህ ዓመት ሳይተዋወቁ ኖረዋል ማለት ነው። ያስተዋወቃቸው የ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1937 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የጀርመናዊው ሌዎ ፍሮቤኒየስ ጓዶች ከአውሮፓና ከአፍሪካ ዐለቶች የገለበጧቸው ሥዕሎች ለሕዝብ ታዩ። በ1940 ደቡብ ፈረንሳይ ላይ የላስኮ ዋሻ ተገኘ። የዋሻ ከብት በሸክላ፣ በጨርቅና በብርጭቆ ላይ መውጣት የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ላስኮ ራሱ ግን የጎብኚው እስትንፋስ ቀለሙን ስላበላሸው በ1963 ተዘጋ፤ በ1983 ከጎኑ ቅጂው ተሠርቶ ሰው ቅጂውን ያያል። ስለዚህ ቅጂን በጅምላ የሚያወግዝ ሰው ሲያጋጥመኝ ላስኮን አነሣበታለሁ። ድንጋዩ ላይ ስሙን ከሚጭር ጎብኚ ብርጭቆ ገዝቶ የሚሄደው ይሻላል።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ብርጭቆዋን የቀረጸውን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። ዕድሜው ከእኛ ብዙ አይርቅም። ከሱቁ ጀርባ በጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ጫፏ አልማዝ የተነከረች ትንሽ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ይዞ፣ ብርጭቆውን ውኃ እያጠጣ ይሠራል። ውኃ ከሌለ ብርጭቆው ይግልና ይሰነጠቃል፤ ዱቄቱም ሳንባ ይገባል። አውሮፓውያን ለዚሁ ሥራ በዘይትና በጥቁር ዱቄት የተቀባ የመዳብ ጎማ ሲያዞሩ ኖረዋል፤ በ1870 ደግሞ ቲልግማን የተባለ አሜሪካዊ አሸዋ በኃይል እየረጩ መቅረጽን አመጣ። የእኛ ልጅ አሸዋውን አይወደውም፤ «እጅ የለውም» ይላል። አንድ ነገር አሳየኝ። ላሟን ወደ ውስጥ ነው የሚቆፍራት፤ ነገር ግን ብርጭቆውን አዙሮ ከወዲያኛው ጎን ሲያዩአት ጎላ ብላ ትወጣለች። የሸጴው ጠራቢ ዙሪያዋን ቀጥቅጦ ያወጣትን ላም ይኼ ልጅ ሆዷን ቆፍሮ ያወጣታል። ሁለቱ ሰዎች ቢገናኙ ብዙ የሚያወሩት ነበራቸው።

የሚገለብጠው ከአንድ የተቀደደ ፎቶኮፒ ነው። የሥዕሉ መግለጫ አብሮ ተቀዷል። ሸጴ ብለው አላወቀውም። ከጎኑ የተደረደሩትን አዲሶቹን ብርጭቆዎች ሳይ ደግሞ ደነገጥኩ፤ ላሞቹ ሁሉ ሻኛ አብቅለዋል!

«ደንበኞች ጎደላት አሉኝ» አለ። «ጨመርኩላት።»

ተቆጣሁ። የኢንዱስ ሸለቆን፣ የሸኮን ከብት፣ ሁሉን ዘረገፍኩበት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ወንድሜ፣ አንተ ታሪክ ትማራለህ፣ እኔ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «ደግሞስ ያ ድንጋይ ጠራቢ ስሙንና አገሩን ጽፏል?»

አልጻፈም። መጻፍም አላስፈለገውም፤ ድንጋዩ ከቦታው አይነቃነቅማ። ከጉንደ ወይን ጎረቤት፣ እነብሴ መርጡለ ማርያም ላይ፣ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚያስደንቅ የድንጋይ ቅርጽ አለ። የጠራቢዎቹ ስም የለበትም፤ ግን ማንም ሰው «ይህ የት አገር ነው?» ብሎ አይጠይቅም፣ ቆሞበት ነውና የሚያየው። ብርጭቆ ግን በኪስ ገብቶ ባሕር ይሻገራል። አንዲት ጭረት ሻኛ ከጨመሩባት ላሚቱ አራት ሺህ ዓመቷን ጥላ የትናንት ላም ትሆናለች፤ ያየ ሁሉም ድሮም እንዲህ ነበረች ብሎ ያምናል። ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበ። ሻኛ የሌላቸውንም እንደሚሠራ፣ ከሥራቸውም «ሸጴ፣ ዲላ አጠገብ» ብሎ እንደሚቀርጽ ቃል ገባልኝ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ግን ዋጋ እንደሚጨምር አስታወቀኝ። ልክ ነው፤ ፊደል መቅረጽም ሥራ ነው።

ማታ ለአያቴ ደወልኩና መልሱን ነገርኳቸው፤ የላሟ አገር ዲላ አጠገብ መሆኑን፣ ድሮ የአገሩ ከብት ሁሉ ሻኛ እንዳልነበረው። ብዙ ዝም አሉ። ብርጭቆዋን ምን እንዳደረጓት ስጠይቃቸው ከቀንድ ዋንጫው አጠገብ ቆማለች አሉ፤ ጠላ አይቀዱባትም።

«እሺ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ሻኛ ካልነበረው ታዲያ ሲያርሱ ቀንበሩ ምን ላይ ያርፍ ነበር?»

ትግራይ ውስጥ፣ ዓዲግራት አካባቢ፣ አምባ ፎካዳ ላይ ሰው ጥንድ በሬ ጠምዶ ሲያርስ የሚያሳይ የዐለት ሥዕል አለ። የእሱን ፎቶግራፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ከገባሁ ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው።