ስለ ደም ማድረቅ ጥንታዊ ልማድ

በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል፣ በደጋውም በቆላውም፣ ሰው በተገደለ ጊዜ የሟች ልጅ ወይም ወንድም፣ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ቢሆን እንኳ፣ ደም እንዲመልስ ወገኖቹ ስለሚጠብቁበት፣ የአገር ሽማግሎችና ካህናት አስቀድመው የሚተጉት ይህን ወጣት ከበቀል ለመመለስ ነበር። ገዳዩ በቤተ ክርስቲያን ይማጸናል፤ ሽማግሎቹም የነፍስ አባትን ከነመስቀሉ አስቀድመው በሟች ወገን ደጅ ደጋግመው ይወድቃሉ፤ የፊተኛው እምቢታ ብዙ ጊዜ የክብር ሥርዓት እንጂ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ጉማው፣ ማለት የደም ካሳው፣ ተቆርጦ ከተከፈለ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በመሐላ ይታረቃሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሴት ልጅ ለጋብቻ ትሰጣለች፤ ይህን ግን፣ የእርስዋ ፈቃድ ስለማይጠየቅበት፣ ከልማዱ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

ቀድሞ በፍትሐ ነገሥት ዳኝነት ሞት የተፈረደበት ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ስለነበር፣ ደም ወይስ ገንዘብ የሚለው ምርጫ በእነርሱ እጅ ነበረ፤ የ1923 እና የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጎች ግን ቅጣቱን የመንግሥት ሥራ አደረጉት። ይሁን እንጂ እስራት ቂምን ስለማይሽር፣ የሽማግሎቹ ሥራ ከፍርድ በኋላም አልቀረም፤ ዛሬም በብዙ ወረዳዎች እስረኛው ተፈትቶ ወደ መንደሩ ሳይመለስ አስቀድሞ ዕርቅ ይወርዳል።