በሮቿ የተዘረፉባት ከተማ

በሐርጌሳ ገበያ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያልፍ እንግዳ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በገንዘብ መንዛሪዎቹ ላይ ነው። የሶማሌላንድ ሺሊንግ እንደ ጡብ ተደራርቦ በአደባባይ ተቀምጧል። የጸሎት ጥሪ ሲሰማ ባለቤቱ ጨርቅ ጣል አድርጎበት ወደ መስጊድ ይሄዳል፤ ተመልሶም እንደ ተወው ያገኘዋል። ይህን ያየ ሰው «በዚህ ከተማ ሌባ የለም» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ያው እንግዳ ከገበያው ወጥቶ ወደ መኖሪያ ሰፈሮች ሲዘልቅ ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። በብዙ ሰፈሮች አጥሩ ከፍ ያለ ግንብ፣ በሩ ወፍራም ብረት ነው፤ መስኮቱም ፍርግርግ ለብሷል። ገንዘቧን ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ አደራ የምትሰጥ ከተማ ቤቷን ስለ ምን እንዲህ አጥብቃ ትዘጋለች?

ሐርጌሳ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሼክ መዳር የተባሉ የቃዲሪያ ጠሪቃ መሪ ከተከታዮቻቸው ጋር የመሠረቷት የሃይማኖት መንደር ነበረች። እንግሊዞች በ1941 የአስተዳደር ማዕከላቸውን ከበርበራ ወደዚህች መንደር ካዛወሩ በኋላ ነው ከተማነቷ የጎላው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን የንብረት ጠባቂው ከቁልፍ ይልቅ «ሄር» የተባለው ባህላዊ ሕግ ነበር። በሄር መሠረት ስርቆት የሌባውና የተሰራቂው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሌባው ወገን ካሣ ከፋይ ይሆናል። ከሩቅ የመጣ መንገደኛም «አባን» የሚባል ጠባቂ ይይዛል፤ የእንግዳውን ዕቃ የነካ የአባኑን ክብር ነካ ማለት ነው። የመንዛሪው ጨርቅ ዛሬም የሚከበረው ከዚሁ ሥር የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ጨርቁን የሚገልጥ እጅ የማን ወገን እጅ እንደ ሆነ፣ ዕዳውም በማን ላይ እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል።

ይህ መተማመን የተናጋው በተራ ሌቦች አልነበረም። በ1981 ለንደን ላይ የተመሠረተው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ከኢትዮጵያ ምድር እየተነሣ የዚያድ ባሬን መንግሥት መውጋት ከጀመረ ወዲህ ሐርጌሳ በጥርጣሬ የምትታይ ከተማ ሆነች። በ1980ዎቹ ማብቂያ ግድም «ታበሌ» የሚባል ሥርዓት ተዘረጋ። ሃያ ያህል ቤቶች በአንድ ኃላፊ ሥር ይጠቃለላሉ፤ ኃላፊው በየቤቱ ማን እንዳደረ፣ ማን እንደ ጎደለ፣ ማን በእንግድነት እንደ መጣ ለመንግሥት ያስታውቃል። ስሙ ለአማርኛ ሰሚ ጆሮ «ቀበሌ»ን ያስታውሳል፤ ሥራውም እንዲሁ። በኢትዮጵያ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው የ1975 አዋጅ የተቋቋመው ቀበሌ የነዋሪው ማኅበር ተብሎ ነበር የተጀመረው። የሰፈሩን ሌሊት የሚጠብቁት የቀበሌ ዘቦች በ1977 ቤት ለቤት አሰሳ ላይ ሲሰማሩ ግን የአዲስ አበባ ሰው በር ሲንኳኳ መደንገጥን ለመደ። በሁለቱም ከተሞች ስለ ሰፈሩ የሚነገረው ወሬ የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ ከነዋሪው ወደ መንግሥት። ከመንግሥት ወደ ነዋሪው የሚመለስ «ተጠንቀቁ» የሚል ቃል አልነበረም።

በሜይ 1988 ማብቂያ የንቅናቄው ተዋጊዎች ወደ ሐርጌሳ ገቡ። መንግሥት የመለሰው ከተማዋን በከባድ መሣሪያና በአውሮፕላን በመደብደብ ነው። አውሮፕላኖቹ ከራሷ ከሐርጌሳ ማረፊያ እየተነሡ እዚያው ከተማ ላይ ቦምብ ይጥሉ ነበር። ዛሬ በከተማዋ እምብርት ላይ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት የዚያ ማስታወሻ ነው። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ሐርትሼክ ላይ የተቋቋመው ካምፕም በዓለም ካሉት የስደተኛ ካምፖች ትልቁ እስከ መባል ደርሶ ነበር። የተዘጋው በ2004 ነው።

ከድብደባው ቀጥሎ የመጣው ዘረፋ ነበር። ወታደሮችና አብረዋቸው የተሰለፉ ታጣቂዎች የቤት ዕቃውን ከጫኑ በኋላ ወደ ቤቱ አካል ተሻገሩ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ተገፈፈ፣ በርና መስኮት ከነክፈፋቸው ተነቀሉ፣ የመብራት ሽቦ ከግድግዳ ተጎለጎለ። በር ሰብሮ የሚገባ ሌባ በየአገሩ አለ፤ በሩን ራሱን የሚወስድ፣ ያውም የመንግሥት ደመወዝ እየበላ፣ ግን ጥቂት ነው።

በ1991 ዚያድ ባሬ ወድቀው ስደተኛው ሲመለስ ያገኘው ጣሪያና በር የሌለው ግድግዳ ነበር። ያም ቢሆን ባዶ አልነበረም፤ በየመኖሪያ ቤቱና በየግቢው ፈንጂ ተቀብሮ ቆይቶታል። ሌባው ከወሰደው ይልቅ ትቶት የሄደው የከፋባት ከተማ ነበረች። የአገሬው ፈቃደኞችና በኋላም ሪምፋየር የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ቤት ለቤት እየዞሩ ፈንጂውን አነሡ። በዚያን ጊዜ የሰፈር ማስጠንቀቂያ ቅንጦት አልነበረም። የትኛው ግቢ እንደ ጸዳ፣ የትኛው ደፍ ገና እንደማይረገጥ ጎረቤት ለጎረቤት ካልነገረ እግር ይቆረጣል፤ ሕይወት ይጠፋል።

ፈንጂው ሲቀንስ ደግሞ «ደይደይ» በሚል ስም የታወቁት፣ ጦርነቱ ጠመንጃ አስታጥቆ ሥራ ያላስያዛቸው ወጣቶች መንገድ እየዘጉ መዝረፍ ጀመሩ። መንግሥት ቢታወጅም ፖሊስ አልነበረም ማለት ይቻላል። መፍትሔው የመጣው ከሽማግሌዎች ነው። ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 1993 ቦረማ ላይ የተቀመጠው ጉባኤ መሐመድ ኢብራሂም ኢጋልን በፕሬዚዳንትነት መርጦ ከመነሣቱ በፊት የሰላም ቻርተር አጽድቆ ነበር፤ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በራሱ አካባቢ ለሚፈጸመው ጥፋት ኃላፊነት እንዲወስድ የሚያስገድድ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ሥርዓትም ሌባው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያውቀውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቅ ነበር፤ ሌባው ካልተገኘም ዕዳው የጋራ ነው። ልዩነቱ አፈርሳታ ሌባው ካመለጠ በኋላ የሚደረግ መሆኑ ነው፤ የቦረማው ቃል ኪዳን ደግሞ ሽማግሌው ልጁን አስቀድሞ እንዲይዝ ያስገድዳል። እርግጥ ሰላሙ በአንድ ጊዜ አልጸናም። በኖቬምበር 1994 በአውሮፕላን ማረፊያው ሰበብ ውጊያ ሲነሣ ብዙ የሐርጌሳ ሰው እንደገና ቤቱን ጥሎ ወጥቷል።

ፖሊስ የተደራጀው እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ተደርቦ ነው፤ ስለዚህም ቤት ሲሰበር ጉዳዩን ዛሬም ብዙ ጊዜ ከአገር ሽማግሌ ጋር ይካፈላል። ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። በአንድ ሰፈር ቤት ሰባሪ መመላለሱን ፖሊስ ሲያውቅ ለነዋሪው ሊነግር ይገባዋልን? ሐርጌሳ ልጆቿን በብዛት ከሰደደችባቸው ከተሞች አንዷ ቶሮንቶ በዚህ ላይ የታወቀ ፍርድ አላት። በ1986 አንድ ሰው በበረንዳ እየዘለለ ሴቶች ወደሚኖሩባቸው ቤቶች እየገባ ይደፍር ነበር። ፖሊስ የሰውየውን አካሄድ ተረድቶ፣ ሰፈሩንም ለይቶ ሳለ ሴቶቹ ይሸበራሉ፣ ሰውየውም ይሸሻል ብሎ ዝም አለ። አምስተኛዋ ተጠቂ ስሟ ሳይገለጽ ከሰሰች። በ1998 ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ሴቶቹን ሳያስጠነቅቅ እንደ ማጥመጃ እንደ ተጠቀመባቸው ቆጥሮ 220 ሺህ የካናዳ ዶላር ገደማ ካሣ ፈረደላት።

በሐርጌሳ ነገሩ ከዚህ ይወሳሰባል። ማስጠንቀቂያና ጥቆማ በነዋሪው ትዝታ ውስጥ ገና አልተለያዩም፤ «እንግዳ ፊት ካያችሁ ንገሩን» የሚል ቃል ታበሌን ያስታውሳል። በኦክቶበር 29 ቀን 2008 ቤተ መንግሥቱን፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምን ቢሮና የኢትዮጵያን የንግድ ጽሕፈት ቤት የመቱት የመኪና ቦምቦች ከፈነዱ ወዲህ ግን እንዲህ ያለውን ቃል አያስፈልግም የሚል ጥቂት ነው። ቃሉ የሚያርፈው ግን በማን ላይ ነው? በሴፕቴምበር 2011 መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ እንዲወጡ ሲያዝ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሌባውን ሳይገልጽ «ተጠንቀቁ» ብቻ የሚል ማስታወቂያ ባይተዋሩን ተከራይ ሌባ ያደርገዋል። የተሰበረውን ቤት ሰዓት፣ የገቡበትን መንገድ፣ የተከፈተውን የበር ዓይነት የሚናገር ማስጠንቀቂያ ግን ማንንም ሳይከስ በር ያዘጋል፤ ፖሊስ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸኛውን ነው።

እስካሁን ወሬው የሚጓዘው በአቂሉ፣ በመስጊዱና በሻይ ቤቱ ነው፤ ቋንቋውም ሶማሊኛ ነው። አቂል የሌለው ኢትዮጵያዊ ተከራይ የሰፈሩን ሌባ ነገር የሚሰማው እንደ ድሮው አባን በሚያስጠጋው በአከራዩ አንደበት ነው። ከአዳዲሶቹ ቤቶች ብዙዎቹ ደግሞ ለንደንና ቶሮንቶ የሚኖሩ ሰዎች ንብረት ናቸው፤ በእነዚያ ቤቶች ወሬው ከብረት በሩ ውጭ ይቀራል።