ወር ሳይሞላው የተሰበረው ዋጋ

የግራፊክስ ካርድ ለምን ሰማይ ነካ ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቺፑን መሥራት ተወደደ» የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉው እውነትም አይደለም። የቀረውን ለማየት እ.ኤ.አ. ወደ 2008 መመለስ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት የነበረው እንዲህ ነው። ኤንቪዲያ በኖቬምበር 2006 ጂፎርስ 8800 ጂቲኤክስን በ599 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ዋና ተፎካካሪው የካናዳው ኤቲአይ በዚያው ዓመት በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ለኤኤምዲ ተሽጦ ገና አዲሱን ቤት እየለመደ ነበር። የኤቲአይ መልስ፣ ራዲዮን ኤችዲ 2900 ኤክስቲ፣ የመጣው በሜይ 2007 ነው። ዘግይቶ መጣ፤ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይግላል፤ ያም ሆኖ ከላይ ያለውን ካርድ ሊደርስበት አልቻለም። ኤንቪዲያ በዚያው ወር ምን አደረገ? ያንኑ ቺፕ ትንሽ አፍጥኖ፣ 8800 አልትራ ብሎ ሰይሞ፣ 829 ዶላር ለጠፈበት። ፈጣኑን ካርድ የፈለገ ሰው ሌላ የሚሄድበት ሱቅ አልነበረውም።

በኤቲአይ ቤት ግን ዓመታት ቀደም ብሎ የተወሰነ ነገር ነበር። መሐንዲሶቹ ከእንግዲህ ትልቁን ቺፕ ለመሥራት አንሽቀዳደምም አሉ። ብዙ ሰው ሊገዛው የሚችል መካከለኛ ቺፕ እንሠራለን፤ ከላይ ያለውን ደረጃ የሚፈልግ ሁለቱን በአንድ ካርድ ላይ አጣምሮ ይውሰድ የሚል ሐሳብ ነበር። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ለዓመታት «ፈጣኑ የማን ነው» በሚል ፉክክር ለኖረ ድርጅት ግን ክብርን መዋጥ ነበር።

ስሌቱ ያለው በስፋት ላይ ነው። ቺፖች የሚቆረጡት ከአንድ ክብ የሲሊከን ሰሌዳ ነው። ቺፑ በሰፋ ቁጥር ከአንዱ ሰሌዳ የሚወጣው ቁጥር ያንሳል፤ እንከን አግኝቶት የሚጣለውም ይበዛል። የኤንቪዲያ አዲሱ ቺፕ 576 ካሬ ሚሊሜትር ነበር። የኤቲአይ 256። ከግማሽ በታች ማለት ነው።

ጁን 2008 ደረሰ። ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 280ን በ649፣ ታናሹን ጂቲኤክስ 260ን በ399 ዶላር አወጣ። ዋጋው የተቆረጠው ያለፈው ዓመት ዝምታ ይቀጥላል ተብሎ ይመስላል። በቀናት ልዩነት ራዲዮን ኤችዲ 4850 በ199፣ 4870 ደግሞ በ299 ዶላር መጡ። የ299 ዶላሩ ካርድ የ399 ዶላሩን በብዙ ጌሞች እኩል ሲገጥም፣ አንዳንዴም ሲቀድም፣ የ649 ዶላሩ ዋጋ በአንድ ሌሊት መሳቂያ ሆነ። ወር ሳይሞላው ጂቲኤክስ 280 ወደ 499፣ ጂቲኤክስ 260 ወደ 299 ወረዱ።

በነዚያ ሳምንታት ቺፑን መሥራት አልረከሰም። ያው ፋብሪካ፣ ያው ሰሌዳ፣ ያው 576 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 150 ዶላሩን የቀነሰው ከጎን የተከፈተው ሱቅ ነው። ከዚያ በፊት ያ 150 ዶላር የምን ዋጋ እንደነበረ አንባቢ ይፍረድ።

(የዚያው ዓመት ሌላ ገጠመኝ፦ ሁለቱ ድርጅቶች በዋጋ ተመሳጥረዋል በሚል በአሜሪካ ሸማቾች ተከሰው፣ ጥፋቱን ሳያምኑ በድምሩ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ጉዳዩን የዘጉት በ2008 ነው። ከእያንዳንዳቸው 850 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩም ምርመራ ክስ ሳይመሠረት ተቋጨ።)

ዋጋ የሰበረው አተረፈ? እዚህ ላይ ታሪኩ ይመራል። ኤኤምዲ በ2008 ያስመዘገበው የተጣራ ኪሳራ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ብዙው ኤቲአይን በውድ ከመግዛቱ የመጣ የሒሳብ ቅነሳ ነው፤ የካርዶቹ ጥፋት አይደለም። ቢሆንም በርካሽ ሸጦ የተመሰገነ ድርጅት በሒሳብ መዝገቡ አልተመሰገነም፤ ከዚያ በኋላ የታየው ጥንቃቄ ከዚህ ትዝታ ቢመነጭ አያስገርምም።

በ2022 መጨረሻ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4080ን በ1,199 ዶላር ሲያወጣ፣ ኤኤምዲ 7900 ኤክስቲኤክስን በ999 አቀረበ። ዋጋ መስበር ሳይሆን በትልቁ ጥላ ሥር መቀመጥ ነበር። ኤንቪዲያም አልደነገጠም፤ በዚያው ደረጃ 999 ዶላር የሚል ዋጋ የለጠፈው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2024፣ 4080 ሱፐርን ሲያወጣ ነው።

አለመደንገጡ ምክንያት አለው። በ2008 የጌም ተጫዋቹ ኪስ የኤንቪዲያ ቤት ምሰሶ ነበር፤ እሱ ወደ ጎረቤት ከሄደ ጣራው ይነቃነቃል። በጃንዋሪ 2025 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ግን ድርጅቱ ካስገባው 130 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከጌም የመጣው 11 ቢሊዮን አካባቢ ብቻ ነው። ከዳታ ማዕከላት የመጣው 115 ቢሊዮን። ለአርተፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሰለፈው ደንበኛ ደግሞ ዋጋ አይከራከርም፤ ቶሎ ስጡኝ ነው የሚለው።

በዚያው ወር አርቲኤክስ 5090 በ1,999 ዶላር ቀረበ። በማርች የመጣው የኤኤምዲ ምርጥ ካርድ 9070 ኤክስቲ የተለጠፈበት ዋጋ 599 ዶላር ነው። ከ5090 ጋር የሚገጥም ካርድ ኤኤምዲ አላወጣም።