የቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያዎች

የቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያዎች ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው፣ ስፋቱ 1 ሜትር በነበረው ሐዲድ ላይ የተሠሩ ጣቢያዎች ናቸው። ከለገሃር በተጨማሪ ሞጆ፣ መተሃራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ፣ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ ይገኙባቸዋል። ባቡሩ አገልግሎቱን ሲያቆም አብዛኞቹ ተዘግተዋል።

አመሠራረት

ዳግማዊ ምኒልክ ሐዲዱን የመዘርጋት ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መስመሩ ወደ ሐረር እንዲደርስ ቢታሰብም ተራራውን መውጣት ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ። በዚህም ምክንያት በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። በገንዘብ እጥረት ለዓመታት የቆመው ሥራ በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ሲሆን ስሙ በፈረንሳይኛ «ጣቢያ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

የጣቢያዎቹ ኑሮ

በእንፋሎት ዘመን ባቡሩ በየመንገዱ ውኃ መቅዳት ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን ብቻ ስለሚጓዝ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪዎችም ድሬዳዋና አዋሽ ያድሩ ነበር። አዋሽ የሚታወቅበት የጣቢያ ሆቴልም ከዚህ የተነሣ ነው። በትንንሾቹ ጣቢያዎች ባቡሩ የሚቆምበት ሰዓት የገበያ ሰዓት ሆኖ፣ ወተት፣ ፍራፍሬና የተዘጋጀ ምግብ በመስኮት በኩል ይሸጥ ነበር።

መዘጋት

በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አቅራቢያ በደረሰው የባቡር አደጋ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐዲዱና ድልድዮቹ እያረጁ፣ መለዋወጫ እየጠፋ፣ ጭነቱም ወደ ከባድ መኪና እየዞረ ሄደ። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለው ግን እየተቋረጠም ቢሆን ጥቂት ቀጥሏል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል። ብዙዎቹ አዳዲስ ጣቢያዎች ከከተሞቹ ውጭ ስለሆኑ መንገደኛው በቀድሞው ጣቢያ ዙሪያ ባሉት ሱቆችና ምግብ ቤቶች አያልፍም። በዚህም በባቡሩ የተቆረቆሩ ሰፈሮች ባቡር ቢመጣም ገበያቸው አልተመለሰላቸውም።

የባሕር ዳርቻ መስመሮች

በቀይ ባሕር ዳርቻም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በኤርትራ ከምትገኘው ትንሿ ወደብ መርሳ ፋጥማ ወደ ዳሎል አቅጣጫ በ1910 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ሐዲድ ፖታሽ ያመላልስ ነበር። ምርቱ ሲቆም መስመሩ ሥራ አጣ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የእንግሊዝ አስተዳደር ነቀለው። ከምጽዋ ተነሥቶ በ1904 ዓ.ም. አስመራ የደረሰው መስመር ግን በጦርነት ተቋርጦ ከኤርትራ ነፃነት በኋላ ታድሷል።

ዛሬ ያለበት ሁኔታ

የለገሃር ሕንፃ አሁንም ቆሟል። በድሬዳዋ የጥገና ወርክሾፑና ያረጁ ሎኮሞቲቮች ይታያሉ። ከተማዋ የምድር ባቡሩን ሠራተኞች ታሪክ የምታስታውሰውም በእነዚህና በከዚራ ሰፈር ነው።