የሚሞላ ድንጋይ

በአማርኛ «ባትሪ» ብለን የሰየምነው የእጅ መብራቱን ነው፤ ውስጡ የሚገባውን «ድንጋይ» አልነው። ሬዲዮም በድንጋይ ይሠራል፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጣልያንኛም «ፒላ» ሲል ድንጋዩንም የእጅ መብራቱንም ይጠራል። «ፒላ» ክምር ነው፤ ጣልያናዊው ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ክብ የብረት ቅጠሎችን፣ በጨው ውኃ የራሰ ነገር በመካከል እያስገባ ሲቆልል፣ ክምሩ ለመሣሪያው ስም ሆነ።

«ባትሪ» የድብደባ ልጅ ነው። ላቲኑ «ባቱዌሬ»፣ ፈረንሳይኛው «ባትር»፣ ሁለቱም መምታት ናቸው። ከዚያ የተደረደሩ መድፎች ስም ወጣ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1749 በጻፈው ደብዳቤ በእርሳስ የተለበጡ 11 የመስኮት መስተዋቶችን አያይዞ የሠራውን «የኤሌክትሪክ ባትሪ» አለው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባትሪ በመነሻው የረድፍ ስም ነው። «ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ» የሚል የሰፈር ልጅ ከፍራንክሊን ጋር አንድ ሰዋስው ይናገራል፤ ድንጋዩ ነጠላው፣ ባትሪው ድርድሩ።

ድንጋይ በግእዝ «እብን» ነው። ዕብራይስጥ «ኤቨን»፣ ትግርኛ «እምኒ» ይለዋል፤ አማርኛ በ«እብነ በረድ» ውስጥ አስቀርቶታል። አሁን ደስ የሚለኝ ቦታ ደረስን። በ1817 አርፍቬድሶን የተባለ ስዊድናዊ ከኡቶ ደሴት የወጣ ፔታላይት የሚባል ማዕድን ሲመረምር አዲስ ንጥረ ነገር አገኘ። መምህሩ በርዜሊየስ ከግሪክኛው «ሊቶስ» «ሊቲየም» የሚል ስም አወጣለት። ዘመዱ ፖታሲየም ከዕፅዋት አመድ ይገኝ ነበር፤ ይህ ግን ከድንጋይ ወጣ። ሊቶስም ድንጋይ ነው! ዚንኩንና ካርቦኑን ድንጋይ ባልንባቸው ዓመታት ሁሉ ስማችን ባለቤቱን ሲጠብቅ ኖሯል።

የዛሬው የሚሞላ ድንጋይ «ሊቲየም አዮን» ይባላል፤ «አዮን» ደግሞ ሳይንቲስቱ ፋራዴይ በ1834 ያስተዋወቀው፣ በግሪክኛ «ሄያጅ» ማለት የሆነ ስም ነው። ግእዙ «ሖረ»፣ ሄደ፤ «ሐዋርያ» የዚሁ ሥር ፍሬ ነው። ስሙ ለጠባዩ ልክ ነው፤ ሲሞላ የሊቲየሙ አዮን ወደ አንዱ ወገን ይሻገራል፣ ስንጠቀምበት ይመለሳል። በዚያ መመላለስ ነው ሶኒ በ1991 ለገበያ ያወጣው ድንጋይ ደጋግሞ የሚሠራው።

«ቻርጅ» የጋሪ ቃል ነው። ከላቲኑ «ካሩስ»፣ ጋሪ፣ ጭነት ሆነ፤ ከጭነት የጠመንጃ ጥይት፣ ከጥይት ኤሌክትሪክ። እኛ ጠመንጃን «አጎረስን»፣ ስልክን «ሞላን»። ግእዙ «መልአ» ነው፤ «አ»ው ጠፋ፣ «መ»ው ከንፈር አሞጥሙጦ «ሞ» ሆነ። «የሚሞላ ድንጋይ» ብንል እንግዲህ ከማንም ያልተዋስነው፣ ትክክለኛ ስም ነው፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ስሙ ብቻውን ግን ቮልቱን አይናገርም፤ ይህም ዕቃ ያቃጥላል። የአዲሶቹ ሊቲየም ድንጋዮች ስም ቁጥር ነው። 18650 ማለት ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር፣ የመጨረሻዋ ዜሮ ሲሊንደር መሆኑ። 14500 በመልክ ከተለመደው ደብል ኤ ድንጋይ አይለይም፤ ያኛው 1.5 ቮልት ሲሆን ይህ 3.7 ነው። በባለ ሁለት ድንጋይ ሬዲዮ ውስጥ ጥንድ 14500 ያስገባ ሰው 3 ቮልት ለለመደ ዕቃ 7.4 ሰጠው። በውስጡ ቮልቱን ወደ 1.5 የሚያወርድ ሰርኪዩት ያለው ሊቲየም ድንጋይ ይህን ያስቀራል። መተካቱ በቮልት በኩል የሚቀራረበው በባለ ሦስት ድንጋይ የእጅ ባትሪ ነው፤ ሦስቱ ተደምረው 4.5 ይሰጣሉ፣ ስፍራው ከበቃው አንድ የሞላ 18650 ደግሞ 4.2።